ጫን በለው፣ ይገባል

ኤሌክትሪክ ሳይክል የገዛ የአዲስ አበባ ሰው ሳትጠይቁት ሦስት ነገር ይነግራችኋል። በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ፣ በሰዓት ስንት እንደሚበር፣ ከሻጩ ላይ ስንት ብር እንዳስቀነሰ። የመጀመሪያውን የነገረው ሻጩ ነው። ሁለተኛው ቁልቁለት ላይ የታየ ነው። ሦስተኛውን ሻጩና ፈጣሪ ያውቁታል። ይሁን፤ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣ ሰው ትንሽ ቢኩራራ ማን ይቀየመዋል? ነገር ፈላጊ ከሆናችሁ ግን "ባትሪውና ኮንትሮለሩ በምን ተያያዙ?" በሉት። "በሽቦ ነዋ!" ይላል። "ሽቦውና ሽቦውስ?" ስትሉት ፊቱ ይቀየራል። ጤነኛ ሰው እንዲህ አይጠይቅም በሚል ዓይን ከላይ እስከ ታች ያያችኋል።

የሚያያዙት በሶኬት ነው። ከአውራ ጣት የማትበልጥ፣ ብዙ ጊዜ ቢጫ፣ አንዳንዴም ጥቁር ፕላስቲክ ናት። ሳይክሉ ላይ ካለው ዕቃ ሁሉ ከርካሾቹ አንዷ እሷ ስትሆን፣ ባትሪው ያለውን ኃይል በሙሉ የሚያሳልፈው በእሷ በኩል ነው። ባትሪ ሲገዛ ዘመድ ይማከራል፣ ዋስትና ይጠየቃል፣ ካርቶኑ ሳይቀር ተጠንቅቆ ይቀመጣል። ሶኬት ሲገዛ "የሚገባ ስጠኝ" ተብሎ ያልቃል።

በእርግጥ ነገሩ ሁሉ ቶሎ ቶሎ ሆነብን። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ የነዳጅ ሰልፉና ዋጋው ደግሞ መኪና የሌለውንም ሰው ወደ ቻርጅ ገፋው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ። በወንዙ በኩል 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ቆሟል፤ በእኛ ሰፈር በኩል ሁለት ሽቦ ተጠማዝዞ ናስትሮ ተጠቅልሎበታል። መሐል ላይ ስላለው ነገር ሌላ ጊዜ እናወራለን።

የሶኬቷ መናቅ ከቮልት ይመጣል። የግድግዳው 220 ነው፣ ይገድላል፤ የሳይክሉ 48 ወይም 72 ነው፣ ምን ያደርጋል ተብሎ ይታለፋል። ሶኬት የሚያቃጥለው ግን አምፔር ነው። የእንጀራ ምጣድን ውሰዱ። 3500 ዋት ግድም የሚበላ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ይህን 16 አምፔር የማያውቀው የከተማ ቤት የለም፤ የምጣዱ ሶኬት ቡኒ ሆኖ፣ ሸትቶ፣ በመጨረሻም ከስፒናው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ያላለበት ቤት ካለ እንጀራ እየገዛ የሚበላ ነው። እናቶቻችን ምጣድ ሲሰካ ፍሪጅ የሚያስነቅሉት፣ ለምጣድም የራሱ ወፍራም ገመድ የሚያስዘረጉት ለዚህ ነው። አሁን ሳይክሉን እንየው። 72 ቮልት ባትሪና 30 አምፔር የሚያሳልፍ ኮንትሮለር ቢኖረው፣ ኃይሉ 2160 ዋት ነው፤ ከምጣዱ በብዙ ያንሳል። በሶኬቷ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር ግን የምጣዱን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እና ለእናቱ ምጣድ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ወፍራም ገመድ ያስዘረጋው ያ ጨዋ ልጅ፣ ለራሱ ሳይክል ከአሮጌ ስፒከር የተነቀለ ሽቦ ይቀጥላል።

ሂሳቡ ይሉኝታ የለውም። መጋጠሚያዋ በደንብ ሳትነካካ ቀርታ የኦም አንድ መቶኛ ያህል ብትቃወም፣ በ30 አምፔር ዘጠኝ ዋት ሙቀት ታወጣለች። ዘጠኝ ዋት ዛሬ አንድ ክፍል የሚያበራ የኤልኢዲ አምፖል ፍጆታ ነው፤ ያ ሁሉ ኃይል ሙቀት ሆኖ አውራ ጣት በምታህል ፕላስቲክ ውስጥ ይታጎራል። አምፔሩ ሦስት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ቦሌ መንገድ ላይ በ10 አምፔር ሲንሸራሸር ቀዝቃዛ የነበረችው ሶኬት፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ትግላለች፣ ትለሰልሳለች፣ ትሸታለች። ባለቤቱ ታዲያ ማንን ይጠረጥራል? ዲናሞውን። "ዲናሞው ዳገት አይወድም" ይላል። ዲናሞው ስንት ጊዜ ተፈትቶ ስንት ጊዜ ግሪስ እንደተቀባ እሱ ራሱ ይንገራችሁ።

እሺ፣ ነገሩ ገብቶት ደህና ሶኬት ሊገዛ የወጣ ሰው አለ እንበል። ሶማሌ ተራ ይሄዳል። "ይሄ የመኪና አይደለም፣ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ጠይቅ" ይሉታል። ኤሌክትሮኒክስ ቤት ይገባል። "ይሄ የሞተር ነው፣ ሞተር መለዋወጫ ሂድ።" ሞተር መለዋወጫ ዘንድ ሲደርስ "እኛ የነዳጁን ነው" ይባላል፤ የተናገረው ሰው ድምፅ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ አለ። ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ ከሞተ ዕቃ ላይ ከነጅራቱ የተቆረጠ ሶኬት ይገኛል። ዕቃው ምን እንደነበር፣ በምን እንደሞተ አይጠየቅም፤ ምናልባትም የሞተው በሶኬቱ ነው።

መርካቶ ውስጥ "የለም" የሚባል መልስ አልተፈጠረም። ያለው "እሱ የለም፣ ይሄ ግን ያው ነው" የሚል ነው።

"ኤክስቲ ስልሳ አለ፣ ወንድሜ?"

"ስልሳ አልቋል። ዘጠና ውሰድ፣ ይበልጣል።"

"ከስልሳው ጋር አይገጥምም እኮ።"

"ጫን በለው፣ ይገባል።"

"አይገባም፣ ወፍራም ነው።"

"እንግዲያው ሁለቱንም ዘጠና አድርጋቸዋ!"

በነገራችን ላይ ይህ የመጨረሻው ምክር ትክክል ነው። ነጋዴው የሰጠው ግን ሁለት ለመሸጥ ብሎ ነው፤ ገዢውም ያልተቀበለው ሁለት ላለመግዛት ብሎ ነው። እውቀት በመሐላቸው አልፋ፣ ሁለቱንም ሳትነካ ወደ አውቶቡስ ተራ ወረደች።

ቁጥሩ ራሱ ሰው ያሳስታል። ይህቺ ኤክስቲ የተባለች ቢጫ ሶኬት የቻይናው አማስ ኩባንያ ሥራ ስትሆን፣ ቀድሞ የታወቀችው በሬዲዮ በሚታዘዙ መጫወቻ አውሮፕላኖች ላይ ነው። ስሟ ላይ ያለው 60 ለአፍታ የምትችለው አምፔር ነው፤ ውላ የምትሠራበት 30 ነው። የ90ዋም እንዲሁ ናት፣ የዘወትር አቅሟ ከስሟ ግማሽ ግድም ነው። አስመስለው የሠሯቸው ደግሞ ስማቸውን ለአፍታም አይችሉ፤ ሲሞቁ ፕላስቲኩ እንደ ማስቲካ ይለጠጥና ሁለቱ እግሮች እርስ በርስ ለመሳሳም ይዘነበላሉ። እዚያ ከደረሱ ሾርት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ከዚያ የጾታው ጭቅጭቅ ይመጣል። "ወንዱን ነው ሴቷን?" ይላል ሻጩ። በዚህች ሶኬት ላይ ናሱ ወንድ የሆነችው፣ ፕላስቲኳ ሴት ነው፤ ናሷ ሴት የሆነችው ደግሞ ፕላስቲኳ ወንድ ነው። ሻጩ ፕላስቲኩን እያየ፣ ገዢው ናሱን እያየ በሙሉ እምነት ይስማማሉ፤ ገዢው ቤቱ ሲደርስ ሁለት አንድ ዓይነት ይዞ ይገኛል። አንዱን የግድ መጠቀም ስላለበት ያገኘውን ባትሪው ላይ ይበይዳል። ባትሪው ላይ ግን መሆን ያለባት ናሷ የተደበቀችው፣ ሴቷ ናት፤ ኃይል ያለበት ጫፍ ገላውን አውጥቶ መንገድ ላይ አይቆምማ። ገዢው ግን ሁለት እሾህ ወጥቶበት የቀረውን ባትሪ ከቤት ቁልፍና ከሳንቲም ጋር በአንድ ቦርሳ ይዞ ታክሲ ይሳፈራል። ረዳቱ "ሒሳብ" ሲል ቦርሳው ውስጥ እጁን ሰዶ መፈለግ ይጀምራል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ባለ ሦስት ቀዳዳው ነው። ርካሾቹ፣ በአሲድ ባትሪ የሚሠሩት ሞተሮች አብዛኞቹ የሚቀበሉት ከኮምፒውተርና ከሩዝ ማብሰያ ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን ስፒና ነው። ቻይና ውስጥ ከ300 ሚሊዮን በላይ ኤሌክትሪክ ሳይክል አለ፤ ይህን ስፒና የመረጠው ሰው ምን አስቦ እንደመረጠው ብንጠይቀው "በብዛት ይገኛል" ከማለት ውጭ መልስ የሚኖረው አይመስለኝም። በብዛትስ ይገኛል። ችግሩም እሱ ነው። የ48 ቮልቱም፣ የ60ውም፣ የ72ቱም ቻርጀር ያው ስፒና ነው ያላቸው። ፖዘቲቩ በስተቀኝ ነው በስተግራ የሚለው እንኳ እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ግድግዳ ላይ ተሰክቶ 220 ቮልት የያዘ የኮምፒውተር ገመድም ወደ ባትሪው ቀዳዳ ሲመጣ፣ ቀዳዳው በደስታ ተቀብሎ ያስገባዋል። አንዳንድ ቤት እናት ልጇን "ያቺን ገመድ ስካልኝ" ስትለው የትኛዋን እንደሆነ በጣቷ ትጠቁማለች፤ ሦስት ገመድ ወደተኮለኮለበት ጥግ።

እኛ ደግሞ መዋዋስ እንወዳለን። "ቻርጀርህን ለአንድ ማታ" ማለት ነውር አይደለም፤ እምቢ ማለት ነው ነውሩ። የ48 ቮልት የአሲድ ባትሪ የራሱ ቻርጀር ሲሞላው 59 ቮልት ግድም ይደርሳል፤ የ72ቱ ቻርጀር ግን እስከ 88 ድረስ ይገፋል። ጎረቤት ይህን ቻርጀር ተውሶ ማታ ሰክቶ ይተኛል። ጠዋት አመስጋኝ ሆኖ ይመጣል፤ "ያንተ ቻርጀር እኮ ጎበዝ ነው፣ በሁለት ሰዓት ሞላልኝ!" ይላል። ሳምንት ሳይሞላ ባትሪው ጎኑን አሳብጦ ከሳጥኑ አልወጣ ሲል፣ የሚወቀሰው ባትሪ ሻጩ ነው። ቻርጀሩማ ጎበዝ ነው፤ ለሦስተኛ ጎረቤት ተላልፏል።

ሌላው የቻርጅ መሰኪያ የማይክሮፎኑ ነው። አዎ፣ ዘፋኝ የሚይዘው ማይክሮፎን ሥር የምትገባዋ፣ ባለ ሦስት እግሯ ክብ ብረት፤ ብዙ የሳይክል ባትሪ ቻርጅ የሚደረገው በእሷ ነው። ለአንዳንዱ ባትሪ ደግሞ ለድሮ ቪዲዮ ማጫወቻ የምንሰካት፣ ቀይና ነጭ እየሆነች የምትመጣዋ ትሆናለች። እንዲህ ሆኖ ነው አንድ ዕቃ አድራሽ ልጅ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ የሙዚቃ መሣሪያ ቤት ገብቶ የማይክ ሶኬት ሲገዛ ያየሁት። ሻጩ በአክብሮት "ከየትኛው ባንድ ነህ?" አለው። ልጁ አላቅማማም፤ "ለብቻዬ ነው የምሠራው" አለ።

ከአሜሪካ የሚላክለት ሰውም አለ። ዳላስ ያለ ወንድሙ አንደርሰን የተባለውን ሶኬት ልኮለታል፤ ፎርክሊፍት ላይ ለምታዩት ሶኬት ታናሽ ወንድሙ ነው፣ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር። ወንድ ሴት የለውም፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይገጥማል፤ እውነትም መልካም ሥራ ነው። ግን ቀዩና ጥቁሩ ጎን ለጎን የሚቆላለፉ ለየብቻቸው የተሠሩ ስለሆኑ፣ የቱ በስተቀኝ ይሁን የሚለውን የሚወስነው ገጣሚው ነው። ሁለት ጓደኛሞች ተካፍለው ገጠሙት፤ አንዱ ቀዩን በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ሊዋዋሱ ሲሉ አልገባ አለ። "የአሜሪካ ዕቃ እኮ ጥራት አለው" ተባብለው በፒንሳ ረዱት። የተላከው ቁጥርም ሌላ ጉድ ነበር። ወንድምየው ከላከው ለእያንዳንዳቸው የደረሳቸው ሁለት ጥንድ ነው፤ አንዱ ለባትሪው፣ አንዱ ለቻርጀሩ ዋለ። ለሳይክሉ የቀረ አልነበረም። ባትሪው ግን በሚያምር ሁኔታ ቻርጅ ይደረጋል።

ሽቦው ላይ ብዙ አልቆይም። መዳብ የሚመስል ሁሉ መዳብ አይደለም፤ በቢላ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ለአንድ ውፍረትም ከመዳቡ በአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይቃወማል። ይህን ለሻጩ ብታሳዩት "ነጩ እኮ ነው ጥራቱ" ይላችኋል። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም።

አሁን ወደ ጠጋኙ እንሂድ። ጠጋኙ በመንገድ ዳር፣ በጃንጥላ ሥር ተቀምጧል። ከፊቱ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ስታኞ፣ ናስትሮ። ከነዚህ ሁሉ የሚበዛው ናስትሮ ነው። የመጀመሪያ ሥራው አሮጌዋን ሶኬት ቆርጦ መጣል ሲሆን፣ ባትሪው ሳይላቀቅ ሁለቱን ሽቦ በአንድ ጊዜ በፒንሳ ይቆርጣል። ሁለት ሽቦ፣ አንድ ብረት፤ ቀሪውን ፒንሳው ይተርከዋል። ከአፉ ላይ ሩዝ የምታህል ጉድጓድ ተበልታለች። አንዱን ቆርጦ፣ ጫፉን ሸፍኖ፣ ከዚያ ሌላውን መቁረጥ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ለነገሩ ያቺ ጉድጓድ እሱ ዘንድ ጠባሳ አይደለችም፣ ሽቦ መላጫ ሆናለች። ከመቁረጫው ይልቅ በእሷ ነው የሚሠራው። እሷ ሳትኖር በጥርሱ ይልጠው ነበር።

ቀጥሎ ብየዳው ነው። ወፍራም ሽቦ ሙቀት ይጠጣል፤ ለሬዲዮ የተሠራች ቀጭን መበየጃ ይዞ ሲነካው ስታኞው አይቀልጥም። ይጠብቃል። አሁንም ይጠብቃል። በዚህ መሐል ሙቀቱ ወደ ናሱ፣ ከናሱም ወደ ፕላስቲኩ ይሄዳል፤ ስታኞው ገና ሊቀልጥ ሲያስብ ፕላስቲኩ ቀድሞት ቀልጧል። እግሮቹ ይንጋደዳሉ። ይህ እንዳይሆን ጓደኛዋን ሶኬት ሰክቶ መበየድ ነው፤ ሙቀቱን ትካፈላለች፣ እግሮቹንም ቀጥ አድርጋ ትይዛለች። ይህን የሚያውቅ ጠጋኝ አለ፤ ግን የሚሰካት ሁለተኛ ሶኬት የለውም፤ ሁለት የገዛ ደንበኛ ስለሌለ።

በመጨረሻ ተበየደ። ስታኞው ተድቦልብሎ፣ ደብዝዞ፣ ሽቦው ላይ ተቀምጧል፤ ያልያዘ ብየዳ መልኩ እንዲህ ነው፣ የያዘው ያብረቀርቃል፣ ወደ ሽቦውም ይሰርጋል። ጠጋኙ ወደ ኋላ ብሎ አየውና ረክቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ጥቁር ቱቦ አየ። በሙቀት የምትሸበሸበዋ፣ ብየዳውን የምትሸፍነዋ ቱቦ። ሽቦው ላይ መግባት የነበረባት ከብየዳው በፊት ነው። እዚህ ላይ የሁሉም አገር ጠጋኝ አንድ ነው፤ ጃፓንም ይሁን ጅማ፣ ቱቦዋን የሚያስታውሰው ከስታኞው በኋላ ነው። ልዩነቱ ከዚያ የሚሆነው ላይ ነው። አንዱ ነቅሎ እንደገና ይጀምራል። የእኛው ቱቦዋን በመቀስ ለሁለት ሰንጥቆ ያለብሳታል፣ በናስትሮ ይጠቀልላታል፣ "ከፈለክ በእሳት አልብሰው" ብሎ ላይተር ያቀብላችኋል።

በስታኞ ፈንታ የሚጨመቀው ዓይነትም አለ፤ በልኩ መሣሪያ ከተጨመቀ እንዲያውም ለሚንቀጠቀጥ ነገር እሱ ይሻላል፣ ስታኞ የጠጣ ሽቦ ደርቆ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ከጫፉ ይሰበራልና። በልኩ መሣሪያ ነው ያልኩት። በድንጋይ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ መምታት በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ይቆጠራል የሚል ካለ ሽቦውን በእጁ ሳብ ያድርገው፣ እጁ ላይ ይቀርለታል።

ከሁሉ በላይ የተከበረው ጥገና ግን "ዳይሬክት" ነው። ባለሙያው ሶኬቷ ስትግል አይቶ፣ ጥፋቷን አመዛዝኖ፣ ከሥራ ያሰናብታታል። "ሶኬቱ ነው ችግር የሚፈጥርብህ፤ አውጥቼ ዳይሬክት አድርጌልሃለሁ፣ ከእንግዲህ አታስበው" ይላል። ሽቦ ከሽቦ ተጠምዝዟል፣ ናስትሮ ሰባት ዙር ዞሯል። ደንበኛው መርቆት፣ ከፍሎ፣ እየበረረ ቤቱ ይደርሳል። ቤቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። እስከ ትናንት ባትሪውን ነቅሎ፣ እንደ ሳምሶናይት አንጠልጥሎ ይወጣ ነበር። ዛሬ ባትሪው አይነቀልም። ስለዚህ ሳይክሉን ተሸክሞ ይወጣል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉት እማማ በራቸው ላይ ቆመው "የኔ ልጅ፣ አንተን እንዲሸከም አልነበር እንዴ የገዛኸው?" ይሉታል። መልስ ለመስጠት ትንፋሽ ያስፈልጋል።

የሚያስቅ ሌላ ሥርዓት አለ፤ የመሰካት ሥርዓት። ባትሪና ኮንትሮለር ሲገናኙ "ጧ!" ብሎ ሰማያዊ ብልጭታ ይወጣል። ኮንትሮለሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ባዶ ሆነው ሲጠብቁ ቆይተው፣ ሶኬቱ ገና እንደነካቸው በቅጽበት ስለሚጎርሱ ነው። ብልጭታው በወጣ ቁጥር የናሱን ጫፍ ይበላዋል፤ የተበላ ጫፍ ይቃወማል፣ የሚቃወም ይግላል፣ ወደ ዘጠኙ ዋት ተመለስን። ሰው ግን ብልጭታውን የሚተረጉመው በሌላ ነው። "ባትሪው ኃይለኛ ስለሆነ ነው" ይላል፤ ደካማ ብልጭታ ያየ ባለሳይክል ባትሪው አረጀ ብሎ ሲተክዝ ይውላል። አንዱ በስመ አብ ብሎ፣ አንዱ ቢስሚላህ ብሎ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰካል። ታናሽ ወንድም ያለው ታናሽ ወንድሙን ይጠራል።

ለዚህ የተሠራች ሶኬት አለች፤ አረንጓዴ ምልክት ያለባት የ90ዋ እህት። ውስጧ ትንሽ ሬዚስተር አለ፣ መጀመሪያ በእሱ በኩል ካፓሲተሮቹን በቀስታ ታጠጣለች፣ ከዚያ እስከ ጥጉ ስትገባ ሙሉውን ታሳልፋለች። ብልጭታ የለም። እና ምን ሆነ? ብልጭታውን የለመደው ሰው "ድምፅ አላሰማም፣ ሶኬቱ አይሠራም" ብሎ መለሳት። ሌላው ደግሞ ከድሮው ፍርሃቱ የተነሣ ግማሽ ድረስ ሰክቶ እጁን ሰበሰበ። ሙሉው አምፔር በዚያች ትንሽ ሬዚስተር በኩል ልሂድ ሲል አቃጠላት። የማይገባውን ሶኬት በጉልበት ካላስገባሁ ብሎ ሁለት እጅ ያነሳው ያው ሰው፣ እስከ ጥጉ መገፋት ያለባትን በሁለት ጣት ነካ አድርጎ ይተዋል። አዲስ ሶኬት ጠባብ ነው፤ ግማሽ የገባ ደግሞ ግማሽ ነው የሚነካው። አንድ ጊዜ ጫን ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ነበር፣ እዚህ ግን የሚመክር የለም።

ክረምት ሲመጣ ፌስታል ይመጣል። ሶኬቷ በፌስታል ትጠቀለልና አንገቷ በላስቲክ ይታሰራል። ዝናቡ ሽቦውን ተከትሎ ይወርድና በአንገቷ በኩል ሰርጎ ይገባል፤ ፌስታሉ ደግሞ የገባውን አያስወጣም። ነሐሴ ላይ ብትፈቱት ዓሣ ለማርባት የሚበቃ ውሃ ይዟል። የሶኬቷን አፍ ወደ ታች አድርጎ፣ ሽቦውን ትንሽ አንጠልጥሎ ውሃው ከበታች እንዲንጠባጠብ ማድረግ ብቻ በቂ ነበር፤ ፌስታል አያስፈልገውም። ግን ፌስታል ያላሰረ ሰው ለሳይክሉ እንደማያስብ ይቆጠራል፣ ጥበቃ እንኳ ይቆጣዋል።

ጥበቃ ካነሣን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ያሉት ጋሼ ለእኔ ትልቁ ባለሙያ ናቸው። ግቢው ውስጥ የሚቆሙት ሳይክሎች የእያንዳንዳቸው መሰኪያ ለየብቻ ነው፤ ቢጫው፣ ባለ ሦስት ቀዳዳው፣ የማይክሮፎኑ፣ የቪዲዮ ማጫወቻው። ከቻይና የመጣችው የሥራ አስኪያጁ መኪና እንኳ የራሷ አላት። ስልኮቻችን ስንት ዘመን ተጨቃጭቀው በስተመጨረሻ በአንድ ቀዳዳ ሲስማሙ፣ ሳይክሎቹ ገና ሰላምታም አልተለዋወጡም። ጋሼ ታዲያ ሲሰለቻቸው፣ የተጣለ ሶኬት ሁሉ እየለቀሙ፣ በደህና ስታኞ እየበየዱ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግር አጭር ገመድ ሠርተው በሚስማር ደረድረዋል። ቱቦውን አስቀድመው ነው የሚያስገቡት፤ አይቻለሁ። ለውለታው የሚቀበሉት የሻይ ነው። ግን በቀላሉ አይሰጡም። አንድ ባለ ከረባት ወጣት እየተጣደፈ መጥቶ "ጋሼ፣ ቻርጀሬን ረስቼ መጣሁ፣ አንድ የሚገባ ይፈልጉልኝ" ሲላቸው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

"ባትሪህ ስንት ቮልት ነው?"

"ቮልት?"

"ቮልት። 48 ነው? 60 ነው?"

ወጣቱ ወደ ሳይክሎቹ ዞሮ ሲያስብ ቆየና በጣቱ ጠቆመ።

"ጥቁሩ ነዋ፣ ጋሼ።"